አሥራ አንደኛው ቃል

ጋሪው ዳገቱን ሲጀምር ፈረሱ አንገቱን አዘንብሎ ማለክለክ ያዘ፤ ታይፒስቷም ጭኗ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን እቅፍ አደረገችው። ሣጥኑ ከባድ አልነበረም። ውስጡ አሥራ አንድ ሰዎች የሰጡት ቃል ነው፤ እያንዳንዱ በፖስታ ገብቶ፣ ፖስታው በክር ታስሮ፣ ክሩ ላይ ቀይ የማኅተም ሰም ፈስሶበታል። ከጎኗ የተቀመጡት ጠበቃ ግን ጎማው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ዞር እያሉ፣ የታመመ ሕፃን የያዘች ይመስል፣ እጇን ያዩ ነበር።

«ፈራሽ እንዴ?» አሏት።

«አልፈራሁም።»

«ጎሽ። እኔ ፈርቻለሁ፤ ሁለታችንም ከፈራን ፈረሱ ያውቅብናል።»

ጋሪ ነጂው ሳቀ። እሷም ልትስቅ ሞከረችና ከንፈሯ እንቢ አላት።

«ችሎት ላይ ስለ አሥራ አንደኛው ይጠይቁሻል» አሉ ጠበቃው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሥሩን እኔ ራሴ ስለተቀበልኳቸው የምመልሰው እኔ ነኝ። አሥራ አንደኛውን ግን የተቀበልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ምን ልበል?»

«እሱን አልነግርሽም።»

«ለምን?»

«ከነገርኩሽማ ያንቺ ቃል መሆኑ ቀረ» አሉና ባርኔጣቸውን ነፋስ እንዳይወስድባቸው በመዳፋቸው ተጫኑት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኖ፣ ያን ዳገት ስታስብ መጀመሪያ ትዝ የሚላት ፍርሃቱ ሳይሆን የጧቱ ብርሃን ነበር። ከተማው ያኔ በእግር ተጀምሮ በእግር የሚያልቅ ነበር። የመንገድ ፋኖስ የሚያጠፋው ሰውዬ መሰላሉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲመለስ ከጠበቃው ጋር ሰላም ይባባላሉ፤ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ምላጩን በቆዳ እየሳለ «ዛሬ ለማን ነው የሚከራከሩት?» ይላል፤ ጠበቃው «ለአንተ አይደለም፣ አትፍራ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ጧት ድሮ ቀረ፣ ትል ነበር ለሰማት ሁሉ።

ቢሮውም ድሮ ቀረ። ከጃንጥላ ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣ አሥራ ዘጠኝ የእንጨት ደረጃ የሚወጣ ሁለት ክፍል ነበር። ውጪኛው ክፍል የሷ ነው፤ ጥቁር የጽሕፈት መኪና፣ ጣት የሚያጠቁር ካርቦን ወረቀት፣ ግድግዳው ላይ እጀታው ተዙሮ የሚደወል ስልክ። ሰማይ ሲጠቁር ጃንጥላ ጠጋኙ ገበያው መጣለት ማለት ነውና ከታች ይዘፍናል፤ እሷም ሳይታወቃት በሱ ዜማ ልክ ትመታለች። ጠበቃው ስለ ወገባቸው ሕመም፣ ስለ አከራያቸው፣ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ አፋቸው አይከደንም። ስለ ባለጉዳይ ከሆነ ግን ጭጭ። ሥራ በገባች ቀን እንዲህ ብለዋት ነበር፦

«ልጄ፣ እዚህ ቤት የምትሰሚው ሁሉ የባለጉዳዩ ነው። የኔም አይደለም፣ ያንቺም አይደለም። ሰው ለክርክሩ ብሎ እኛ ዘንድ የሚያስጽፈውን ባላጋራው የሚያነበው ከሆነ ማንም እውነቱን አያስጽፍም። ያኔ እኔ ካባ የለበስኩ ወሬኛ ነኝ፣ አንቺ ወሬ ገልባጭ ነሽ።»

ቃሉ ቀላል ይመስል ነበር፤ የፈትል ፋብሪካው ቦይለር እስኪፈነዳ ድረስ።

ይህ የሆነው ከጋሪው ጉዞ ሰባት ወር ቀደም ብሎ ነው። ስድስት ሰው ሞተ። ቦይለሩ እንፋሎት ሲበዛበት በራሱ እየተከፈተ የሚያስተነፍሰው ክዳን ነበረው፤ እንፋሎቱ እንዳይባክንና ማሽኖቹ በርትተው እንዲሠሩ ተብሎ ያ ክዳን በሽቦ ተጠፍሮ ታስሮ ተገኘ። ፋብሪካው በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ያሰረው ካቦው ነው፣ እሱም ከሟቾቹ አንዱ ነው፣ ፋብሪካው ጥፋት የለበትም።

ካቦው የታይፒስቷ ታላቅ እህት ባል ነበር። ታይፒስቷ «ጋሼ» ነበር የምትለው።

የቀሩት ሟቾች አምስት ሚስቶች ፋብሪካውን ሲከሱ ስድስተኛዋን አላስገቧትም። «የሷን ባል ነው መክሰስ» አሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁሉም እማማ የሚሏቸው፣ ከሟቾቹ አንዱ የነበረው የማሽን ዘይት ቀቢ ሚስት። ጠበቃው ነገሩን አልደበቋቸውም። «ታይፒስቴ የካቦው ሚስት እህት ናት፤ ካላመናችኋት ሌላ ጠበቃ ፈልጉ» አሏቸው በግልጽ። እማማ ታይፒስቷን ከእግር እስከ ራሷ ካዩ በኋላ «አፏን ትያዝ እንጂ የማን እህት እንደሆነች ምን አገባኝ» ብለው ተቀመጡ።

እህቷ ከፋብሪካው ቤት ወጥታ ከታይፒስቷ ጋር በአንድ ክፍል መኖር ጀመረች። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ቧንቧው ጋ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ዳቦ ሻጩ ዳቦውን የሚያቀብላት ወደ ሌላ እያየ ነው። አንድ ቀን የጋሼን ጫማ ለሰው ልትሰጥ ይዛ ወጥታ፣ የሚቀበላት አጥታ ይዛው ተመለሰች።

ጥላሸት የመጣው ከፍንዳታው ሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ጥላሸት የሚሉት እሳት አንዳጁን ነው፤ ከቦይለሩ ክፍል በሕይወት የወጣው እሱ ብቻ ነው። እግሩ ተቃጥሎ ስለነበር ደረጃውን በእጁና በጉልበቱ ነው የወጣው። ጠበቃው ለሌላ ችሎት ከከተማ ወጥተዋል፤ «ምስክር ከመጣ ቃሉን ተቀብለሽ አቆዪልኝ» ብለዋት ነበር የሄዱት።

«ደረቴ ላይ ድንጋይ አለ» አለና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ታይፒስቷ ውሃ ሰጠችው። ሲረጋጋ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ «ጉዳዩ ዳኛ ፊት የሚቀርበው መቼ ነው?» አላት።

«ገና አልታወቀም።»

«እንግዲያው ጻፊ። ሚስቴ ስትሰማኝ ታለቅሳለች፣ ወንድሜ ሲሰማኝ ይሳደባል። የሚጠቅመው እዚህ ሲጻፍ ነው።»

ጻፈች። ክዳኑን ያሰረው ራሱ ጥላሸት ነበር፤ ያሳሰረው ደግሞ ዋናው መሐንዲስ። ካቦው ከአንድ ቀን በፊት «እኔ ቆሜ ይሄ አይሆንም» ብሎ እንቢ ብሎ ነበርና፣ መሐንዲሱ የካቦው የሥራ ተራ እስኪያልፍ ጠብቆ ጥላሸትን በቀጥታ አዘዘው። በማግስቱ ካቦው ሲገባ ሽቦውን አየ። ውጡ ብሎ ጮኸ፤ ጥላሸትን በአንገትጌው ይዞ በበሩ ወረወረው፤ ፒንሳ አንስቶ ሽቦውን ሊቆርጥ መሰላሉ ላይ ወጣ። የመጨረሻው ያ ነው።

አንድም ፊደል አልሳተችም።

«እስክመሰክር ድረስ ለማንም» አለ ጥላሸት ሲጨርስ። «አሁን የፋብሪካውን ግቢ እየጠረግሁ ነው የምኖረው፣ ቤቱም የነሱ ነው። ቢሰሙ በነጋታው ሚስቴና ልጆቼ ከነዕቃችን መንገድ ላይ ነን። ለምስክርነቱም አልደርስም፤ አንድ ቦታ ያርቁኛል።»

ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ እህቷ ድንች እየላጠች ነበር።

«ዛሬስ የመጣ ሰው አለ?» አለቻት።

«እትዬ፣ የሥራውን ነገር አትጠይቂኝ ብዬሽ የለ።»

«እሺ ስሙን አትንገሪኝ። ስለ እሱ የተባለ ነገር ካለ ብቻ። ጥሩ ይሁን መጥፎ።»

ታይፒስቷ ቢላዋ አንስታ አጠገቧ ተቀመጠችና ድንች መላጥ ጀመረች። አንዲት ቃል ናት። «ጥሩ» ብትል እህቷ ያን ቀን እንቅልፍ ይወስዳታል። በማግስቱ ግን ቧንቧው ጋ ቀና ብላ ትሄዳለች፤ ቀና ብላ ስትሄድ «ምን ሰማች?» ይባላል፤ ከዚያ እነማን እንደመጡ፣ ማን ደረጃ በጉልበቱ ሲወጣ እንደታየ ይቆጠራል። ድንቹን ላጠች። እህቷም ዳግመኛ ሳትጠይቃት እስከ ማግስቱ ቆየች። በማግስቱ ጠየቀቻት። አራት ወር ሙሉ ስትጠይቃት ኖረች።

ጋሪው ያደረሳቸው ችሎት ረጅም አዳራሽ ነበር፤ ወለሉ ሲረገጥ ይጮኻል፣ መስኮቱ ከፍ ያለ ነው። ዳኛው ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ የሚሰሙትን ሰው መነጽራቸውን አውልቀው ከንፈሩን ያዩት ነበር። አምስቱ ሴቶች ከፊት ተቀምጠዋል። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ብቻዋን፣ እህቷ።

የፋብሪካው ጠበቃ ወጣት፣ ቁመተ ረጅም፣ የሚናገረውን የሚያጣጥም ሰው ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፦ ሣጥኑ ይከፈት፣ ወረቀቶቹን እንያቸው። አሥሩ ፖስታ ላይ «ለክርክር የተዘጋጀ» የሚል አርዕስት አለ፤ በእነዚህ ላይ ብዙም አልታገለም። አሥራ አንደኛው ግን አርዕስት የለውም፣ ጠበቃውም በዕለቱ ከተማ ውስጥ አልነበሩም።

«ስለዚህ ክቡር ዳኛ፣ ይህ አንድ ሰው ጎራ ብሎ የሆድ የሆዱን ያወራበት ወረቀት ነው። ወሬ ደግሞ በጠበቃ ቢሮ ስለተተየበ ብቻ ምስጢር አይሆንም።»

ዳኛው ታይፒስቷ እንድትቀርብ አዘዙ። ማለች። እጇን ስታወርድ መዳፏ ላይ የካርቦኑ ጥቁረት አለ፤ የቱንም ያህል ብትታጠብ አይለቃትም ነበር።

«ወይዘሪት» አላት ወጣቱ ጠበቃ፣ «ሰውየው ሲገባ የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ምን ነበር? የወረቀቱን ይዘት አልጠየቅሁዎትም።»

«ደረቴ ላይ ድንጋይ አለ፣ አለ።»

«ከዚያስ?»

«አለቀሰ።»

አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ። ወጣቱ ጠበቃ ፈገግ አለ። «ሐዘኑን ሊወጣ ነው የመጣው ማለት ነዋ።»

እዚህ ላይ ነው ልቧ የከዳት። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ግማሽ እውነት ነው፤ ሰውየው አልቅሷል፣ ደረቱ ከብዶታል። «አዎ» ካለች ፖስታው እዚያው ይቀደዳል፣ ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ባሏ እንዴት እንደሞተ ትሰማለች። ከተማው ሁሉ ይሰማል። ዛሬ፣ አሁን። የጥላሸት ነገርስ? የጥላሸትማ ነገር ያልቃል። አምስቱ ሴቶችም ምስክራቸውን ያጣሉ።

ዝም ስትል ወጣቱ ጠበቃ ዝምታዋን በሌላ ተረጎመው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሽቦውን ያሰረው ካቦ የእርስዎ ማን ነው?»

«የእህቴ ባል ነው።»

«የእህትዎ ባል። እንግዲህ ክቡር ዳኛ፣ ይህ ወረቀት ለምን እንዲከፈት እንደማይፈለግ ግልጽ ይመስለኛል። የእህቷን ባል ጥፋት የሚናገር ባይሆን ኖሮ እስካሁን አንብባልን ነበር። ተሳሳትሁ ወይዘሪት? ካልሆነ አይደለም ይበሉና እንስማ!»

እማማ ከፊት ወንበር ዞረው ወደ በሩ አዩ። ሁሉም ዞረው አዩ። እህቷ ማንም ሳይላት ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«በወረቀቱ ላይ ያለውን አልናገርም» አለች ታይፒስቷ። «የኔ አይደለም። የከሳሾቹ ነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ወደኔ ዙሪና ቀስ ብለሽ መልሺልኝ። ሰው አንድ ቦታ ሲሄድ ሁለት ሦስት ምክንያት ይኖረዋል። እኔ የምጠይቅሽ ዋናውን ነው። ያ ሰው ክርክር ባይኖር ኖሮ ያን ቀን ይመጣ ነበር?»

አሰበች። ሚስቱ ዘንድ አልቅሷል፣ ወንድሙ ዘንድ አልቅሷል። ለልቅሶማ ደረጃ በጉልበት አይወጣም።

«አይመጣም ነበር፣ ክቡር ዳኛ። አልቅሶ ሲያበቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጉዳዩ ዳኛ ፊት መቼ እንደሚቀርብ ነው። ሌላ ቦታ አልቅሶ እንዳልጠቀመው ነገረኝ። የመጣው እንዲጻፍለት ነው፤ የሚጻፈውም ለዚህ ክርክር ነው። አርዕስቱን መጻፍ የረሳሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዳኛው ለረጅም ጊዜ ከንፈሯን አዩ፤ መናገሯን ካቆመች በኋላም አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው ብዕራቸውን አነሡ። ሰነድ በዋናነት ለክርክር ከተዘጋጀ የባለጉዳዩ ምስጢር ነው፣ አርዕስት ኖረውም አልኖረውም፤ ባለጉዳዩ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ፍርድ ቤቱም አይከፍተውም፣ አሉ። አሥራ አንዱም እንደታሸጉ ይመለሱ።

ጠበቃው ሲያሸንፉ የሚያደርጉት ነገር ነበር፤ ካባቸውን ሲያወልቁ ቀስ ብለው ያፏጫሉ። ያን ቀን አላፏጩም። ሣጥኑን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ተሸከሙ።

ወደ ቢሮው ሲመለሱ አምስቱ ሴቶች ተከትለዋቸው ወጡ። እማማ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ ነበር የጀመሩት።

«የእህቷን ባል ልትሸፍን ነው! ሰውየው እውነቱን ተናግሯል፣ እኛ ግን የማንሰማው ለምንድን ነው? ይኼን ሁሉ ወር!»

«ልክ ነዎት እማማ» አሉ ጠበቃው። «ይኼን ሁሉ ወር ያላነበብኩላችሁ፣ በፋብሪካው ጠበቃ ተጠርታችሁ ብትምሉ የምትናገሩት እንዳይኖራችሁ ነው፤ ተስማምታችሁበትም ነበር። ዛሬ ግን ዳኛው ወሰኑ። ወረቀቱ የእናንተ ነው። ቁጭ በሉ፣ ላንብብላችሁ። ከዚህ ክፍል ይውጣ አይውጣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ስትወስኑ ግን ቃሉን የሰጠውን ሰው አስቡት።»

የውስጠኛው ክፍል በር ተዘጋ። ታይፒስቷ ከውጭ ቀረች። የጠበቃው ድምፅ አንድ ወጥ ሆኖ ይሰማታል፤ ቃላቱን ባትለይም የትኛው መሥመር ላይ እንደደረሱ ታውቀዋለች። መሰላሉ ላይ ሲደርሱ ከውስጥ አንዲት ሴት «እህህ» አለች።

በሩ ሲከፈት ቀድመው የወጡት እማማ ነበሩ። ታይፒስቷን አላዩዋትም። ደረጃውን ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። እህቷ ከታች፣ ጃንጥላ ጠጋኙ በሰጣት ዱካ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች ነበር። ጃንጥላ ጠጋኙ ነገር ገብቶት መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ።

ታይፒስቷ ከደረጃው አናት ሆና አየች። እማማ ጎንበስ ብለው የእህቷን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ» አሏት፣ «ካንቺ ጋር ብቻ የሚቀር ነገር ልነግርሽ ነው። ማን እንደነገረኝ አትጠይቂኝ። ባልሽ አላሰረም። ሊፈታ ነው የወጣው።»

እህቷ መጀመሪያ ያልሰማች መሰለች። ከዚያ እማማ ጆሮዋ ላይ ተጠግተው ሌላ ነገር ነገሯት፣ ረጅም ነገር፤ እሷም እየሰማች ቀስ በቀስ ከዱካው ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። እማማም ጉልበታቸውን እያመማቸው አብረዋት ተቀመጡ። «በድዬሻለሁ» ሲሉ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

ከብዙ ቆይታ በኋላ እህቷ ቀና ብላ ደረጃውን አየች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአራት ወር በፊት። ድንች ስንልጥ።»

እህቷ ተነሥታ ከእማማ ጋር ሄደች፣ እማማ ቤትም ዘጠኝ ቀን ቆየች። ታይፒስቷ እነዚያን ቀኖች ቆጥራቸዋለች። በየጧቱ አሥራ ዘጠኙን ደረጃ ወጥታ፣ የጽሕፈት መኪናዋን ገልጣ፣ የታዘዘችውን ትጽፋለች። ጠበቃው አንድ ቀን «ተጸጸትሽ?» ብለው ጠየቋት፤ «አላውቅም» ብትላቸው «እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላውቅም» አሏትና ከራሳቸው ዳቦ ግማሹን ቆርሰው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡላት።

ክረምቱ ሲያበቃ ጥላሸት በሁለት ምርኩዝ ቆሞ መሰከረ። መሐንዲሱ ይህን አላሰበውም። ፍርዱ ለሴቶቹ ሆነ፤ እህቷ ተጨምራ በመዝገቡ ላይ ስማቸው ስድስት ነበር። ማስታወቂያውን ከፋብሪካው በር ላይ የቀደዱት እማማ ራሳቸው ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ ነው። በአሥረኛው ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ እህቷ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ታይፒስቷ መስኮቱ ሥር ቀሚስ ትጠግን ነበር። እህቷ ሻንጣውን አልፈታችም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሰው ቢነግርሽ አትናገሪም አይደል?» አለቻት።

«አልናገርም።»

«ለጠበቃውም? ለእማማም?»

«ለማንም እትዬ።»

እህቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«እኔም አምኛቸው ነበር» አለች። «አሰረ ሲሉኝ አምኜ ነበር። አንቺን በየቀኑ የጠየቅሁሽ ንጹሕ ነው እንድትዪኝ አልነበረም። አዎ አሰረ እንድትዪኝና አርፌ እንድጠላው ነው። ጫማውን ልሰጥ የወጣሁት ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ነው። እንቅልፍ አጥቼ እረግመው ነበር፤ ያን መሰላል ላይ ቆሞ የሞተውን ሰውዬ።»

ታይፒስቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣችና አጠገቧ ተቀመጠች። ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው፣ ፀሐይዋ ከወለሉ ወደ ግድግዳው እስክትወጣ ድረስ እዚያው ቆዩ። ከዚያ ሻንጣውን አብረው ፈቱት።